የጅብ ጥላ፣ ዛር እና የማረጥ ዘመን ጭንቀት

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እዚህ ኮልፌ በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት የ51 ዓመት እናት መጡ። (የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውንም ነገር ቀይሬዋለሁ።) የወር አበባቸው ከቆመ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሌሊት ላብ ያጠምቃቸዋል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንቅልፍ የለም። በትንሹም በትልቁም ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ደግሞ ለምን አለቀስኩ ብለው በራሳቸው ይናደዳሉ። "ልጄ፣ ሰውነቴ የእኔ አልመስልሽ አለኝ፤ ሌላ ሰው ገብቶ የተቀመጠበት ነው የሚመስለኝ" አሉኝ።

ከዚያ ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። ኮሎራዶ፣ አሜሪካ የምትኖረው ልጃቸው የድምፅ መልእክት ልካላቸዋለች። "እማዬ፣ እዚህ እንዳንቺ ላሉ እናቶች አዲስ ሕክምና መጥቷል። ከእንጉዳይ የሚሠራ ነው። ጭንቀቱን ከሥሩ ነው የሚነቅለው ይላሉ። ሰው ሲመጣ በካፕሱል እልክልሻለሁ" ትላለች። እናትየው ቀና ብለው አዩኝና "እንጉዳይ ማለት ያ የጅብ ጥላ የምንለው አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

ሳቅ አመለጠኝ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል፤ በአሥር ደቂቃ የሚመለስም አልሆነልኝ። "እስቲ ጊዜ ይስጡኝ፣ አንብቤ እነግርዎታለሁ" አልኳቸው። ያነበብኩትን ለእናንተም ላካፍል፤ በየቤታችሁ ተመሳሳይ መልእክት የደረሳችሁ እንደምትኖሩ አልጠራጠርም።

ነገሩን ከ1958 እንጀምረው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ፣ ሳንዶዝ በሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ የሚሠራው ኬሚስት አልበርት ሆፍማን ከሜክሲኮ ከመጣ እንጉዳይ ውስጥ አእምሮን የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣና ሲሎሳይቢን ብሎ ሰየመው። ልጅቷ በካፕሱል እልካለሁ ያለችው ይህንኑ ነው። በዚያው በ1958 ስለ እኛው አገር ሁለት ጽሑፎች ታተሙ። አንደኛው የፈረንሳዊው የሚሼል ሌሪስ ስለ ጎንደር ዛር የጻፈው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ሲሞን መሲንግ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ስለ ኢትዮጵያ ዛር በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ያወጣው ጥናት ሲሆን፣ ርእሱ ላይ "የቡድን ሕክምና" የሚል ቃል ነበረበት።

ሦስቱ በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው። ግን ጎን ለጎን ስታነቧቸው ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላሉ።

ሌሪስ ጎንደር የገባው በ1932 ነው። ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ከሚያቋርጥ የጥናት ቡድን ጋር መጥቶ ለወራት ቆየ። አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት፣ መልካም አያሁ በተባሉ በዕድሜ የገፉ ባለ ዛር ቤት ብዙ ቀን አሳለፈ። ያየውን ሁሉ ጽፏል፤ ቡናውን፣ ዕጣኑን፣ ከበሮውን፣ ዘፈኑን፣ የሚታረደውን። መሲንግ ደግሞ ዓይኑን የጣለው በታማሚዎቹ ላይ ነው። በአብዛኛው ያገቡ ሴቶች ናቸው። ባለ ዛሩ መንፈሱን በታማሚዋ አፍ ያናግረዋል፤ ስምህ ማን ነው፣ ምን ትፈልጋለህ ይለዋል። ዛሩም ልብስ ይጠይቃል፣ ጌጥ ይጠይቃል፤ የሚከፍለው ባልየው ነው። ዛር አይባረርም። ይለመናል፣ ይታረቃል፣ ሴትየዋም ከዚያ በኋላ ከዚያው ማኅበር ሳትለይ ትኖራለች።

ይህን ሳነብ የእኚያ እናት ንግግር ትዝ አለኝ፤ "ሌላ ሰው ገብቶ የተቀመጠበት ነው የሚመስለኝ።" በራሷ አፍ "ደከመኝ፣ ከፋኝ፣ ማንም አያየኝም" ማለት ያልቻለች ሴት በዛሩ አፍ ትለዋለች። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይሰማታል። ሌሊቱን ሙሉ ሴቶች አብረዋት ይቀመጣሉ።

ዛርን ላወድስ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ያወግዙታል። እኔም በሥራዬ የሚጥል በሽታ ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከአንዱ ባለ ዛር ወደ ሌላው ሲዞር ዓመታት እንደባከኑበት አይቻለሁ። የምለው፣ እዚያ ቤት የሚደረገውን ነገር በሐኪም ዓይን ብታዩት አንድ የሚሠራ ነገር አለበት ነው። ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሜክሲኮ እንሂድ። ሆፍማን እጅ የገባው እንጉዳይ ከየት መጣ? ኦአሃካ በሚባለው ግዛት፣ ዋውትላ በተባለ ተራራማ ከተማ ማሪያ ሳቢና የምትባል የማሳቴክ ሕዝብ ሐኪም ነበረች። በ1955 ጎርደን ዋሰን የተባለ የኒውዮርክ ባንከኛ እሷ ዘንድ ሄዶ በሌሊት ሥርዓቷ ላይ እንጉዳዩን በላ፤ በ1957 ላይፍ በተሰኘው መጽሔት ላይ ለዓለም አወራ። ያኔ ማሪያ ሳቢና ከ60 ዓመት በላይ ነበረች፤ ልክ እንደ መልካም አያሁ፣ ልጅ መውለድ ካበቃች በኋላ የአካባቢው ሰው የሚፈራት፣ የሚሰማት ሴት። እንጉዳዩን ለመዝናኛ አትሰጥም ነበር። በሽተኛ ሲመጣ፣ በሌሊት፣ እየዘመረች፣ አጠገቡ ተቀምጣ ነው። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የውጭ አገር ወጣቶች መንደሩን አጥለቀለቁት፤ ፖሊስ ተከተለ፤ ጎረቤት ጠላት፤ ቤቷ ተቃጠለ። ሳይንሱ ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድ እሷ በድህነቷ ቀረች፤ በ1985 ሞተች።

የዋሰን ባለቤት ቫለንቲና የሕፃናት ሐኪም ነበረች። በዚያው ሰሞን እሷም እንጉዳዩን ቀምሳ በ1957 በሌላ መጽሔት ላይ ጽፋለች፤ አንድ ቀን ለሕክምና ሊውል እንደሚችል ከገመቱት ቀዳሚዎች አንዷ ናት። ስሟን የሚያነሳ ግን ብዙም የለም።

ጥሩ። በዚያው ዘመን ነጭ ጋዋን የለበሰው ሕክምና ለማረጥ ዘመን ሴቶች ምን ይሰጥ ነበር? እዚህ ላይ እኛ ሐኪሞች ትንሽ ማፈር አለብን።

በ1896 ታዋቂው ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም ክሬፕሊን በዚህ ዕድሜ የሚመጣን ሐዘን የእርጅና መግቢያ ሜላንኮሊያ ብሎ ራሱን የቻለ በሽታ አደረገው። በአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ ውስጥ ይህ ስም እስከ 1980 ድረስ ቆይቶ ተሰረዘ፤ ምክንያቱም ከሌላው ዲፕሬሽን የሚለየው ነገር አልተገኘም። በ1942 ደግሞ ከነፍሰ ጡር ፈረሶች ሽንት የሚወጣ ኢስትሮጅን በኪኒን መልክ አሜሪካ ገበያ ገባ። በ1966 ሮበርት ዊልሰን የተባለ የማህፀን ሐኪም አንድ መጽሐፍ ጽፎ ማረጥን የሆርሞን እጥረት በሽታ አደረገው፤ ኪኒኑን የወሰደች ሴት ወጣት ሆና ትኖራለች፣ ያልወሰደች ትጠወልጋለች የሚል መንፈስ ያለው መጽሐፍ ነው። በመቶ ሺዎች ተሸጠ። ሰውየው ከመድኃኒት አምራቾች ገንዘብ ያገኝ እንደነበር የታወቀው ቆይቶ ነው።

ለማታ እንቅልፍና ለቀን ጭንቀት ደግሞ በ1963 ዳያዜፓም መጣ። የማስታወቂያዎቹ ሥዕል ብዙ ጊዜ የደከማት የቤት እመቤት ነበረች። ለዓመታት በአሜሪካ ከሁሉ በላይ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆነ፤ ሱስ እንደሚያስይዝ በደንብ የታወቀው ሚሊዮኖች ከለመዱት በኋላ ነው። ዳያዜፓም እዚህም ኮልፌ በየቤቱ ትራስ ሥር አለ። "ጎረቤቴ ሰጥታኝ ነው፣ ማታ ማታ ግማሿን ብቻ" የሚል ታሪክ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማ ብትቆጥሩልኝ ደስ ይለኛል።

ኢስትሮጅኑስ ምን ሆነ? በ1975 ማህፀን ላላቸው ሴቶች ብቻውን ሲሰጥ የማህፀን ግድግዳ ካንሰርን እንደሚጨምር ታወቀ፤ ፕሮጄስትሮን ተጨመረበት። በ2002 ደግሞ 16,608 ሴቶችን የያዘ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከጊዜው በፊት ቆመ። ሁለቱን ሆርሞኖች አንድ ላይ የወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር በዓመት ከ10,000 ሴቶች በ8 ያህል ጨምሮ ነበር። ዓለም ደነገጠ፤ ሐኪሞች ማዘዝ አቆሙ፤ ሴቶች ኪኒኑን ጣሉ። ቆይቶ ነገሩ ሲመረመር፣ የተጠኚዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ዓመታት ያለፋቸው። ከ60 ዓመት በታች ላሉ ወይም ካረጡ አሥር ዓመት ላልሞላቸውና ሌላ ክልከላ ለሌለባቸው፣ በላብና በሙቀት ለሚሰቃዩ ሴቶች ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ዛሬ ብዙው ባለሙያ ይስማማል። ከመጠን ያለፈ ተስፋ፣ ቀጥሎ ከመጠን ያለፈ ፍርሃት፣ በመሐል ደግሞ ሠላሳ ዓመት ትክክለኛ መልስ ያላገኙ እናቶች። እንጉዳዩን በተመለከተ የምጠነቀቀው ይህን ታሪክ ስለማውቅ ነው።

ሲሎሳይቢን ከሆፍማን በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል በሐኪሞች እጅ ነበር። ኤልኤስዲ የሚባለውን፣ ያው ሆፍማን በ1943 ኃይሉን በራሱ ላይ ያየውን ንጥረ ነገርም ጨምሮ ብዙ ተሞከረ። አንዳንዱ ጥናት ተስፋ የሚሰጥ፣ ብዙው በዛሬ መለኪያ ደካማ ነበር። ከዚያ ነገሩ ከሐኪም እጅ ወጥቶ ወደ ጎዳና ወረደ፤ አሜሪካ በ1970 ከለከለችው፣ በ1971 የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በጣም ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ንጥረ ነገሮች ተርታ መደበው። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። ስለዚህ ልጅቷ በጓደኛዋ ሻንጣ የምትልከው ካፕሱል ቦሌ ላይ የሚያመጣውን መዘዝ ከሕመሙ በፊት አስቡት፤ የሚታሰረው ተሸካሚው ነው።

ምርምሩ ዳግም የተነሳው በ2006 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በወጣ ጥናት ነው። እስካሁን ካሉት ትልልቆች አንዱ በ2022 ታተመ። በአሥር አገሮች ያሉ፣ ሌላ መድኃኒት ያልረዳቸው 233 የዲፕሬሽን ታማሚዎች ተሳተፉ። ከፍተኛውን መጠን፣ 25 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ ከወሰዱት ውስጥ በሦስት ሳምንት ከሕመሙ የወጡት 29 በመቶ ናቸው፤ ምንም አይሠራም ተብሎ የሚገመተውን 1 ሚሊግራም ከወሰዱት ደግሞ 8 በመቶ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ግን በሦስተኛው ወር ጥቅሙ ጸንቶ የተገኘው ከአምስቱ በአንዱ ላይ ገደማ ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብም በአንዳንዶች ላይ ታይቷል። ደግሞ የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 40 ነበር፤ ጥናቱ የማረጥ ጉዳይን አልጠየቀም።

ታዲያ ማረጥ ውስጥ እንዴት ገባ? ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። እንጉዳዩ የሚሠራው ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል መልእክተኛ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ኢስትሮጅን ደግሞ የሴሮቶኒንን አሠራር ይነካል፤ በማረጥ ዘመን ኢስትሮጅን ሲዋዥቅ ስሜት የሚዋዥቀው በከፊል በዚህ ነው። ስለዚህ "ይረዳ ይሆን?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከጥያቄ ወደ ካፕሱል ያለው መንገድ ግን ገና አልተሄደበትም። አውስትራሊያ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው የአእምሮ ሐኪሞች እንዲያዙት የፈቀደችው ሌላ ሕክምና ላልረዳው ዲፕሬሽን ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ይህን እስከምጽፍ ድረስ ሲሎሳይቢንን ለምንም ሕመም አላጸደቀም። የኮሎራዶው ነገር በ2022 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ያወጣው የግዛቲቱ ሕግ ነው፤ ፈቃድ ባለው ቦታ፣ በሠለጠነ ሰው ፊት እንዲወሰድ ይፈቅዳል። ልጅቷ አልዋሸችም። የሰማችው ግን የመድኃኒት ማጽደቅ ሳይሆን የሕዝብ ድምፅ ውጤት ነበር።

በጥናቶቹ ላይ ሰው እንዴት እንደሚወስደውም እዩ። አስቀድሞ ከባለሙያ ጋር ብዙ ሰዓት ይነጋገራል። በዕለቱ ጸጥ ባለ ክፍል ይተኛል፣ ዓይኑ ይሸፈናል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ስድስትና ስምንት ሰዓት ሙሉ የሠለጠነ ሰው ከአጠገቡ አይነሳም። በኋላም ያየውን ቁጭ ብለው አብረውት ይፈቱታል። ከጎንደሩ ቤት ጋር አመሳስሉት፤ ዕጣኑና ከበሮው ይቀየር እንጂ አጠገቡ የማይነሳ ሰው አለ። ከመሻሻሉ ስንቱ የእንጉዳዩ፣ ስንቱ የዚያ ሰው እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አሁንም ይከራከራሉ። በካፕሱል ተጠቅልሎ በሻንጣ የሚመጣው ግን እንጉዳዩ ብቻ ነው። ስምንት ሰዓቱ አይላክም።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ላንሳ፤ ይህን ስጽፍ የሥራ ባልደረባዬ "የእኛው አብሾስ?" ብሎ ጠይቆኛል። የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው ይጠጣዋል የሚባለውን፣ ጠጥቶ የሚረብሽ ሰው ሲታይ "አብሾ አለበት" የምንለውን ማለቱ ነው። አብሾ የሚዘጋጀው ከአስተናግር ነው፤ በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው፣ ነጭ ጥሩምባ የመሰለ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል። ከእንጉዳዩ ጋር አንድ አይደለም። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን ሰውን ያቃዣሉ፤ ልብን ያስሮጣሉ፣ ሽንት ይዘጋሉ፣ ትኩሳት ያመጣሉ፣ ይገድላሉም። ከዝናብ በኋላ ግቢያችሁ ውስጥ የሚወጣውንም የጅብ ጥላ ለጭንቀት ብላችሁ እንዳትሞክሩት። መርዛማውን ከማይመርዘው በዓይን መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል፤ ጉበት ከተጎዳ በኋላ የምናደርገው ብዙ የለም።

ወደ እናታችን ልመለስ። በሁለተኛው ቀጠሮ ረዘም ያለ ሰዓት ያዝኩላቸው፤ የቀኑ መጨረሻ ላይ። የደም ግፊታቸው 150 በ95 ነበር። የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ አዘዝኩ፤ ሁለቱም የማረጥ ጭንቀትን መስለው ይመጣሉና። ማታ ማታ ዳያዜፓም ይወስዳሉ፤ አዎ፣ ጎረቤት የሰጠቻቸውን። ከዚያ ሁልጊዜ የምጠይቀውን ጠየቅኳቸው፤ "ከቤተሰብ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?"

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ታላቅ እህታቸው ነገሩኝ። ወጣት ሆና ድምፅ ትሰማ ነበር። ጠበል ወሰዷት፣ ባለ ዛር ቤትም ወሰዷት፣ መጨረሻ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል ተኝታ ታከመች። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው አማኑኤል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ እዚያ ገባ ማለት ቤተሰቡ ላይ ስም ተለጠፈ ማለት ነው። ስለዚህ አልተወራም። የእናትየው ልጆች አክስታቸው "በወባ ሞተች" ተብለው ነው ያደጉት።

አያችሁ፣ በእነዚያ ጥናቶች ውስጥ የቅርብ ዘመዱ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው ብዙ ጊዜ አይገባም። ሲሎሳይቢን ተኝቶ የነበረን የአእምሮ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ነው። የደም ግፊትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። ኮሎራዶ ያለች አንዲት አፍቃሪ ልጅ ይህን ልታውቅ የምትችልበት መንገድ አልነበራትም፤ ያልነገሯትን ከየት ታውቃለች?

ያደረግነው ይኸው ነው። ለግፊቱ መድኃኒት ጀመርን። ዳያዜፓሙን በአንድ ጊዜ ሳናቆም በየሳምንቱ እየቀነስን ነው፤ በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው። ለሐዘኑና ለሌሊቱ ላብ ሁለቱንም የሚያቀል የዲፕሬሽን መድኃኒት በትንሽ መጠን ሰጠኋቸው፤ ለማረጥ ሙቀት ሆርሞን መውሰድ ለማይችሉ ወይም ለማይፈልጉ እነዚህ መድኃኒቶች ከሚረዱት ውስጥ ናቸው። ሆርሞኑን ደግሞ ግፊቱ ሲስተካከል ከማህፀን ሐኪም ጋር ልንነጋገርበት ነው። የእናታቸውን ለቅሶ ከጨረሱ በኋላ ያቋረጡት የሰፈር ቡና ነበር፤ እሱን እንዲጀምሩ ጠየቅኳቸው። "ይሄም መድኃኒት ነው?" አሉ። ነው አልኳቸው።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። የወር አበባ ዓመት ሙሉ ቆሞ ከነበረ በኋላ ደም ከታየ ያለ ቀጠሮ ኑ። "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ሐሳብ ካለም ያንኑ ቀን ኑ፤ ብቻችሁን ሳይሆን ሰው ይዛችሁ።

ልጅቷን ያናገርናት ከክሊኒኩ ነው፤ በእናትየው ስልክ፣ ድምፁን ከፍ አድርገን። ስለ ግፊቱና ስለ ካፕሱሉ እኔ አስረዳኋት። ስለ አክስቷ ግን እናትየው ራሳቸው እነግራታለሁ አሉ፤ እኔ ውጭ ወጥቼ ጠበቅኩ። ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። ካፕሱሉ አልተላከም። የሚቀጥለው ቀጠሯችን ከአራት ሳምንት በኋላ ነው፤ ልጅቷም በቪዲዮ ትገባለች፣ እዚያ ሌሊት ቢሆንም።